ኪስ፣ ኮሌታና እጅጌ

«ሸሚዝ ፋብሪካ ነው የምትሠራው አሉኝ። አንድ ሸሚዝ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው መስፋት ትችያለሽ ወይ?»

ጠያቂዋ የክሊኒኩ ኃላፊ ናት። ተጠያቂዋ ኪስ። በሁለቱ መካከል የመወልወያ ባልዲዋን አንጠልጥላ የቆመችው ደግሞ የኪስ አክስት ናት፤ የዚህን ክሊኒክ ወለል ስትወለውል ወገቧ ጎብጧል፣ ምላሷ ግን ገና ቀጥ እንዳለ ነው። ነገሩን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት። ነርሶቹን ሲያለብሱ የኖሩት ልብስ ሰፊ ዓይናቸው ደክሞ ሱቃቸውን መዝጋታቸውን ስትሰማ፣ «የኔ ልጅ እያለች!» ብላ ኃላፊዋን ቢሮዋ ድረስ ሄዳ ነዘነዘቻት።

«መቻል ብቻ! እሷ እኮ በእንቅልፏም...» ብላ ልትጀምር ስትል ኃላፊዋ መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻት። መልሱን የፈለገችው ከልጅቷ አፍ ነው።

ልጅቷ ግን ሁለቱንም መልስ በልቧ መዘነች። አዎ ብትል ውሸት ነው። አልችልም ብትል ደግሞ የኖረችበትን መካድ ነው። አባቷ ሞቶ ከትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ዩኒፎርሟ ገና ሳያረጅ ነው ስፌት መኪና ፊት የተቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ በእጇ ያለፈውን ሸሚዝ ማን ይቆጥረዋል? የአንድ ከተማ ሕዝብ ሳታለብስ አልቀረችም። ያለበሰችው ግን ግራ ደረቱ ላይ ብቻ ነው። በስተግራዋ ያለችው ልጅ የሸሚዙን ፊት ታቀብላታለች፣ እሷ ኪሱን ትለጥፍበታለች፣ በስተቀኟ ላለችው ታሳልፋለች። ሸሚዙ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት አምላክና ጭነት መኪናው ናቸው።

ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሰው በሚሰፋው ነገር ይጠራል። ኮሌታ የምትሰፋው ኮሌታ፣ እጅጌ የምትገጥመው እጅጌ፣ ቁልፍ የምትተክለው ቁልፍ። ኪስ ኪስ ከተባለች ወዲህ ሌላው ስሟ የሚያገለግለው ለመታወቂያና ለአክስቷ ቁጣ ብቻ ነበር።

«እሞክራለሁ» አለች በመጨረሻ።

«መሞከርማ እኔም እሞክራለሁ» አለች ኃላፊዋ፤ ግን ፈገግ ብላ ነበር። ቁም ሣጥኑን ከፍታ አንድ ያረጀ የነርስ ሸሚዝና አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ አወጣች። «ይኸው ናሙናው፣ ይኸው ጨርቁ። አዲሱን የወሊድ ክፍል ስንከፍት ነርሶቼ ሁሉ አዲስ ይለብሳሉ። ያንቺ ሥራ ከተስማማን ከዚያም ወዲያ የክሊኒኩ ልብስ ሰፊ አንቺ ነሽ። ካልተስማማን ሌላ ሰው እንፈልጋለን። ቂም የለም።»

ቂም የለም ማለት ለእሷ ቀላል ነው። ፋብሪካው ኪስ የሚሰፋ መኪና አዟል። የሰው እጅ አይፈልግም አሉ፤ ኪሱን ራሱ ያጥፋል፣ ራሱ ይለጥፋል፣ ሽንት ቤት አይሄድም፣ አያስነጥስም። መኪናው ሲመጣ የኪስ ሰፊዎቹ ዕጣ ምን እንደሚሆን ሲጠየቁ አለቆቹ «ያን ጊዜ እናያለን» ብለዋል። የአለቃ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ ደግሞ የለም። ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ገና ትምህርት ላይ ያለች ታናሽ እህት አለች። ኪስ ከወንበሯ ከተነሣች ቀጥላ ከትምህርት ቤት ወንበሯ የምትነሣው እሷ ናት። ኪስ ጨርቁን አቅፋ ስትወጣ ያቀፈችው ይህን ነበር።

*

በፋብሪካው ጓሮ፣ የካውያው እንፋሎት በሚተነፍስበት ግድግዳ ሥር፣ ሦስት ልጆች ምሳ ይበላሉ። አንደኛዋ ኪስ ናት። ሁለተኛዋ ኮሌታ፤ ረጅም፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ስትስቅ ከመስመሩ ጫፍ የምትሰማ። ሦስተኛዋ እጅጌ፤ ትንሽዬ፣ ቃል የምትቆጥብ፣ ስትናገር ግን እንደ መርፌ ጫፍ።

«እና አዎ ብለሻት መጣሽ?» አለች ኮሌታ ዳቦዋን ሳትውጥ።

«እሞክራለሁ ነው ያልኳት።»

«በኪስ ብቻ? ነርሶቹ ኪስ ለብሰው ይዙሩ?»

እጅጌን ሻይ አነቃት። ኪስ ጀርባዋን እየመታች፣ «ለዚሁ እኮ ነው የነገርኳችሁ» አለች። «እኔ ኪስ አለኝ። አንቺ ኮሌታ አለሽ። እሷ እጅጌ አላት።»

«ጀርባውስ?»

«ጀርባ ምን አለው? ጨርቅ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች እጅጌ፣ ሳሏ ሲለቃት።

«አንቺ ደሞ አፍሽን ስትከፍቺ ለማሟረት ነው!» ኮሌታ ፍርፋሪውን ከጭኗ ላይ አራገፈች። «ላሟ ምድር ላይ ናት። ነጭ ለብሳ ኪስ ቤት ተኝታለች። የጎደለው አላቢ ነው። የእናቴ የእግር ስፌት መኪና ቤት አለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፣ ጩኸቷም ከእኔ ይበልጣል። እሁድ ኑ።»

እሁድ ሄዱ። የኮሌታ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል አልጋ፣ አልጋው ላይ የታመሙት እናቷ፣ በሌላው በኩል መስኮት ሥር መኪናዋ። ያረጀውን ሸሚዝ በምላጭ ተረተሩት። ቁራጮቹን ነጩ ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ባለቀ ሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አሰመሩ፣ ቆረጡ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ልክ እንደ ፋብሪካው ተሰለፉ። ኪስ ትከሻውን አጋጥማ ኪሶቹን ለጥፋ ተነሣች፤ ኮሌታ ተቀመጠች። ኮሌታ ጨርሳ ተነሣች፤ እጅጌ ተቀመጠች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የተበላሸው ደግሞ ሦስቱም ጎበዞች ስለሆኑ ነው።

መስመሩ አንድ ሕግ አለው። ማንም ጽፎ ግድግዳ ላይ አልለጠፈውም፣ ግን ከደመወዝ ቀን እኩል ይታወቃል፤ የመጣልሽን አትመልሺም። ቁራጩ ቢጠምም፣ ቢረዝም፣ ቢያጥር፣ በጣትሽ ሳብ፣ በአውራ ጣትሽ ገፋ አድርገሽ፣ አስተካክለሽ ታሳልፊያለሽ። የመለሰች መስመሩን አስቆመች ማለት ነው። መስመሩን ያስቆመች ደግሞ ከጎኗ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን አስቀጣች ማለት ነው። ስለዚህ መመለስ ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ክህደት ነው።

ኪስ ትከሻውን ስታጋጥም ወደ ውስጥ መግባት የነበረበትን ጨርቅ አሳነሰች። ኮሌታ ስትቀበላት አንገቱ ከኮሌታው ሰፍቶ አገኘችው። አየችው፣ ዝም አለች፣ ኮሌታውን ሳብ እያደረገች አዳረሰችው። ተስቦ የተሰፋ ነገር ደግሞ ወደ ቦታው ልመለስ ይላል፤ ብብቱን ይዞት ወደ ላይ ወጣ። እጅጌ ብብቱ ጠሞ አገኘችው። አየችው፣ ዝም አለች፣ የተረፈውን በአውራ ጣቷ እየሸበሸበች ዋጠችው። እያንዳንዳቸው የሌላዋን ጥፋት እንደ ገበና ሸፈኑ።

ሲያልቅ ተኮሱት። እንደ ፋብሪካው በካርቶን ላይ አጠፉት፣ ኮሌታውን አቆሙት፣ ቁልፎቹን ደረደሩ። አልጋው ላይ ያሉት እናት ቀና ብለው፣ «እሰይ የኔ ልጆች! ሙሽራ ነው የሚመስለው!» አሉ። እውነትም ያምር ነበር። ይለበስ ያለ ግን አልነበረም። ሦስቱም ሸሚዝ ሲያልቅ የሚያውቁት ታጥፎ ነው። ሰው ላይ አይተውት አያውቁም።

*

ኃላፊዋ የጠራቻት ነርስ ሞላ ያለች፣ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። ሸሚዙን ለብሳ ቆለፈችው፤ ልክ ነው። አክስት ከበሩ ጀርባ ሆና እልል ልትል አፏን አሰናዳች።

«እስኪ እጅሽን ወደ ላይ» አለች ኃላፊዋ።

ነርሷ እጇን አነሣች። ሸሚዙም አብሯት ተነሣ። የታችኛው ጠርዝ እምብርቷ ላይ ወጣ፣ ኮሌታው ዞሮ ጆሮዋ ሥር ገባ፣ ክንዷ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። ማንጠልጠያ ላይ የተረሳች መሰለች።

«መርፌ የምወጋው መቀመጫ ላይ ከሆነ ግድ የለም፣ ይሠራል» አለች ነርሷ እንደተገተረች። «ክንድ ላይ ከሆነ ግን ታማሚው መሬት ይተኛልኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኪስና ኃላፊዋ። ኃላፊዋ ሸሚዙ ከነርሷ ላይ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ጠረጴዛው ላይ ራሷ አጥፋ አስቀመጠችው። መልሶ አማረ።

«ሲታጠፍ እንዴት ያምራል» አለች። «ሰው ግን ታጥፎ አይኖርም ልጄ።»

ኪስ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ኃላፊዋ ግን አልጨረሰችም። «የተረፈው ጨርቅ አንቺው ጋ ይሁን። የወሊድ ክፍሉ ቀለም ገና አልደረቀም። በሩን እስክንከፍት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ አልችልም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሸሚዙን አክስት ራሷ ተሸከመች።

*

ሸሚዙን የኮሌታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ተረተሩት። ምላጩ ኪስ እጅ ነው። ክሩ በወጣ ቁጥር ጨርቁ ምስጢሩን ያወጣል፤ የተሳበው ቦታ ተልመጥምጧል፣ የተሸበሸበው ቦታ የጥርስ ምልክት ይመስላል።

«ይሄን ማነው እንዲህ የሳበው?» አለች ኪስ።

«እኔ ነኝ! አንቺ ትከሻውን አላልተሽ ላክሽልኝ፣ አንገቱ እንደ ባልዲ አፍ ተከፈተ። ምን ላድርግ?»

«ለምን አልመለስሽልኝም ታዲያ?»

«መልሼ ላሳጣሽ?»

«ማን ጋ ነው የምታሳጪኝ? እናትሽ ጋ?»

ኮሌታ ወደ ውስጥ፣ ወደ እናቷ አልጋ ዞራ አየች። እጅጌ ጉልበቷን እያየች፣ «እኔም አይቼው ነበር» አለች። «ብብቱ ጠሞ ነው የደረሰኝ። በላሁት።»

«አንቺ ደግሞ ያገኘሽውን ሁሉ ትበያለሽ፣ አትወፍሪም!» አለቻት ኮሌታ።

መጀመሪያ እጅጌ ሳቀች፣ ቀጥሎ ኮሌታ፣ በመጨረሻም ኪስ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ። ሳቁ ሲበርድ ኮሌታ ተነሥታ የፋብሪካውን ተቆጣጣሪ አቋቋም ቆመች፤ ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ስለማትነቅል ሰዓት ነው የሚሏት። «ስሙ!» አለች ኮሌታ፣ የሌለ ሰዓት እያየች። «እዚህ ቤት የመጣላት ነገር የጠመመባት ‹መልሺ› ትላለች። መልሺ የተባለች ትመልሳለች። ያኮረፈች ሻይ ታፈላለች።»

ማውራት ቀላል ነው። የመጀመሪያዋ አኩራፊ ራሷ ሕግ አውጪዋ ነበረች፤ ሻይም አላፈላም አለች። ሰው ዕድሜ ልኩን ዝም ብሎ ማሳለፍን ፍቅር ነው ተብሎ ተምሮ፣ በአንድ እሁድ ጠዋት መመለስንም ፍቅር ነው ቢሉት በቀላሉ አይውጠውም። ኪስ ደግሞ የባሰ ነገር ገባት። መልሺ ለማለት ትክክሉን ማወቅ ያስፈልጋል። እሷ ከኪስ ወዲህና ወዲያ ያለውን አታውቅም። ጠማማው በእጇ ሲያልፍ ዓይኗ እያየ ያለፈው ልግመኛ ሆና አይደለም፤ መጥመሙን አላወቀችም ነበር።

በዚያው ሰሞን ኪስ የሚሰፋው መኪና መጣ። በጭነት መኪና ተጭኖ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እንደ ባለሥልጣን በወንዶች ትከሻ ገባ። የኪስ ሰፊዎቹን ሰዓት ሰበሰበቻቸውና ዕጣቸውን ነገረቻቸው። ማሸጊያ ክፍል ቦታ አለ። ጽዳት አለ። መሙያ አለ። የማይፈልግ በሩ ክፍት ነው።

መሙያን ማንም አይፈልገውም። የቀረች ሠራተኛ ወንበር ላይ ሄዳ የምትቀመጥ ናት መሙያ፤ ዛሬ ቁልፍ፣ ነገ ጀርባ፣ ከነገ ወዲያ የእጅጌ ጫፍ። የራሷ ወንበር የላትም፣ ሁልጊዜ ጀማሪ ናት፣ መስመሩ በዘገየ ቁጥር ስድቡ የእሷ ነው። ኪስ እጇን አወጣች።

«ምንድነው?» አለች ሰዓት።

«መሙያ ያድርጉኝ፣ እትዬ።»

«ጤና የለሽም? ማሸጊያ ክፍል ቁጭ ብለሽ ካርቶን ብታሽጊ አይሻልሽም?»

«መሙያ ይሻለኛል።»

«ታለቅሻለሽ።»

«አለቅሳለሁ።»

«እኔ ጋ መጥተሽ እንዳታለቅሺ!»

«ሽንት ቤት ሄጄ ነው የማለቅሰው።»

«በሥራ ሰዓት?»

አለቀሰችም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። የጀርባው ወንበር ላይ ስትቀመጥ የጨርቁ ክምር እስከ አገጯ ደረሰ፤ ከወዲያ ማዶ «ኪሱ ተቀደደና ወደቀች!» እያሉ ይሳሳቃሉ። የቁልፍ ቀዳዳው መኪና ጣቷን ወጋት። ባለ ወንበሮቹ ሲመለሱ «ማነው መኪናዬን ያበላሸው?» ይላሉ። እሷ ግን በየወንበሩ የሚሆነውን ታያለች። ትከሻው ወንበር ላይ ስትቀመጥ አንገት ለምን እንደሚሰፋ ገባት። ጎን የሚገጥመው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ብብት ከየት ጀምሮ እንደሚጠም አየች። ማታ ያየችውን ለእህቷ በብርድ ልብሱ ላይ እያጠፈች ታሳያታለች፤ እህቷም የሒሳብ ደብተሯን ጎን አድርጋ፣ «እና የጀርባው ከፊቱ ለምን ይሰፋል?» ብላ ትጠይቃታለች። መልሱን የማታውቀው ከሆነ በማግስቱ ያ ወንበር እንዲደርሳት ትጸልያለች።

ይህን ጀግንነት ብሎ መጥራት ሊያጠራጥር ይችላል። መለከት የሚነፋለት ዓይነት አይደለም። ስታዛጋ፣ ስትሳሳት፣ በእልህ ከንፈሯን ስትነክስ ነው የምትታየው። ግን ሰው ሁሉ የሸሸውን ወንበር፣ የሸሸበትን ምክንያት እያወቁ፣ ወደው መቀመጥ ሌላ ስም ካለው ስሙን የሚያውቅ ይንገረን።

*

አንድ ጠዋት ሰዓት ከሩቅ በጣቷ ጠራቻትና የኮሌታን ወንበር አሳየቻት። ኮሌታ ቀርታ አታውቅም። ኪስ በጓደኛዋ ትራስ ላይ ተቀምጣ እስከ ማታ ኮሌታ ስትገለብጥ ዋለች፤ እጇ ሥራው ላይ፣ ልቧ ሌላ ቦታ። ሲለቀቁ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሻንጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። እናቲቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ኮሌታ ልብስ እያጠፈች ነው።

«ተሳካ» አለች ቀና ሳትል። «ሰው ቤት ነው የምሠራው። ባሕር ማዶ። አገናኟ ሴትዮ ቲኬቱን ይዛ መጣች።»

«መቼ ነገርሽን?»

«አሁን።»

«ክሊኒኩስ?»

«ክሊኒኩ ይኖራል።»

«ላሟ ምድር ላይ ናት ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። ምድር ላይ ናት።» ኮሌታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «የእናቴ ኩላሊት ግን ላሟ እስክትታለብ አይጠብቅም። አትቆጪኝ እህቴ። ተቆጥቼ ጨርሻለሁ።»

ኪስ ሄዳ ሻንጣው አጠገብ ተቀመጠችና ካልሲ ማጣመር ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ኮሌታ፣ «ዛሬ ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?» አለች።

«እኔ።»

«ትራሴን እንዳላበላሸሽው! እስኪ ነይ፣ እጅሽን ልየው።»

ከመስኮቱ ብርሃኑ ሳይሄድ ተቀመጡ። ኮሌታ ቁራጭ ጨርቅ አቀበለቻት፤ ኪስ ሰፋች፤ ኮሌታ ከፍ አድርጋ አየችና፣ «መልሺ» አለች። ደግማ ሰፋች። «መልሺ። ጫፉን በመቀስ አትጎርጉሪው፣ ይቀደዳል። በክር ስበሽ አውጪው። እንዲህ። አንገቱን አትጎትቺ፣ አስተኚው፤ ሕፃን ስታስተኚ ትጎትቺያለሽ?» ደግማ ሰፋች። «መልሺ።» መሸት ሲል አንዱን ኮሌታ ብድግ አድርጋ አገላበጠችው፣ ነከሰችው፣ እንደገና አየችው። መልሺ ሳትል ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

በሩ ላይ ሲሳሳሙ፣ «መኪናዋን ከዚህ ቤት እንዳታወጧት» አለች። «እዚሁ መጥታችሁ ስፉባት። ዝም ካለች እናቴ ቤቱ ይከብዳታል።»

*

ሁለተኛውን ሸሚዝ ኪስ ብቻዋን ሰፋችው ማለት ይቻላል። እጅጌ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ሥራዋ አንዲት ቃል መናገር ነበር፣ እሷንም ሳትቆጥብ ተናገረቻት። ትከሻው ላይ መልሺ አለች፣ ተመለሰ። ጎኑ ላይ መልሺ አለች፣ ተመለሰ። እናቲቱ ከአልጋቸው፣ «ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ አታድርቂያት!» ብለው ጮኹባት። እጅጌ፣ «እርስዎም ዝም ይበሉ፣ አለዚያ ኮሌታዎን አስመልሳለሁ» አለቻቸው፤ ሴትዮዋ ልጃቸው ከሄደች ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ኮሌታው ላይ ሲደርሱ ግን እጅጌ እያገላበጠች ለረጅም ጊዜ አየችው። ኪስ ተጨነቀች። «ምነው?»

«ምንም» አለች እጅጌ። «የሷን ነው የሚመስለው።»

በዚህኛው ጊዜ አላጠፉትም። እጅጌ ለበሰችው። ውኃ ቀዳችበት፣ ልብስ አሰጣችበት፣ እናቲቱን ደግፋ አነሣችበት፣ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር ጫማ ፈለገችበት። ክንዷ በሄደበት ሁሉ ሸሚዙ ቦታውን ሳይለቅ ተከተላት።

ክሊኒኩ ውስጥ የወሊድ ክፍሉ ቀለም ደርቆ አልጋዎቹ ገብተው ነበር። ያችው ነርስ ለበሰች። ማንም ሳያዛት ሁለት እጇን ሰቀለች፣ ጎንበስ አለች፣ ዞረች። ከዚያ በሩ ላይ ትንፋሿን ይዛ የቆመችውን አክስት ከነባልዲዋ እቅፍ አድርጋ ከመሬት አነሣቻት።

«አውርጂኝ አንቺ! ውኃው!»

«አልወልቅም ብሏል!» አለች ነርሷ። «ከዚህ ሸሚዝ ጋር ነው የምቀበረው!»

ኃላፊዋ ዞራ ትከሻውን ነካች፣ ብብቱን ነካች፣ ኮሌታውን በጣቷ ቀና አደረገች።

«ማን ማን ናችሁ የሰፋችሁት?»

«ሦስት ነን።»

«አራት!» አለች አክስት ቀሚሷን እያራገፈች። «እኔን የት ጣላችሁኝ?»

ኃላፊዋ ሳቀች። «በሉ እንግዲህ፣ ሴቶቹን ሁሉ ለክታችሁ ሂዱ» አለች።

የወሊድ ክፍሉ ሲከፈት ነርሶቹ በነጭ ተሰልፈው ቆሙ። ኪስ ከኋላ ሆና የየአንዳንዷን ክንድ ስታይ፣ ንግግሩን አንድም ቃል አልሰማችም። ከዚያ ወዲያ ሥራው እያደገ ሄደ። መጀመሪያ ኪስ ፋብሪካውን ለቀቀች፤ ሰዓት፣ «አሁን ገና ወንበሮቹን ሁሉ ለምደሽ!» ብላ ተናደደች፤ ብትቆጣም እስከ በሩ ድረስ ሸኘቻት። ቀጥሎ እጅጌ መጣች። በኮሌታ እናት ቤት፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለተኛ መኪና ገባ። የኪስ ታናሽ እህት ከትምህርት ስትመለስ ደብተሯን እናቲቱ አልጋ ጫፍ ላይ ዘርግታ ታጠናለች፤ ወደ ቤት እንድትሄድ የሚነግራት የለም።

ኮሌታ መጀመሪያ መጀመሪያ ትደውል ነበር። ሳቋ ያው ነው፤ የአሠሪዎቿን ሸሚዝ ኮሌታ እየገለበጠች እንደምትስቅ፣ ማን እንዲህ አድርጎ እንደሰፋው እንደማታውቅ ትናገራለች። ኋላ ጥሪው አጠረ። ገንዘቡ ለእናቷ ይደርሳል፣ መድኃኒቱም አልተቋረጠም። ድምፅዋ ግን ራቀ፣ ከዚያም ቀረ። ሰው ሥራ ሲበዛበት ይጠፋል አለች እጅጌ። አክስት ደግሞ ኪስን ባገኘች ቁጥር «ደወለች?» ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ለአራስ ሕፃናት የሚሆን ልብስ አዘዘች፤ ክብ ኮሌታ ያለው። ኪስ ክብ ኮሌታ ሠርታ አታውቅም ነበር። ተረተረች፣ መለሰች፣ ሰፋች፣ መለሰች፤ በሳምንቱ ተቃንቶላት ጠረጴዛው ላይ የሕፃን ልብስ ተከመረ፣ የአንዱም አንገት አልተሸበሸበም። እጇን ጠርጋ ስልኳን አነሣችና ጻፈች፦

«ኮሌታዬ እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና ናቸው፣ ትናንት ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ። ክሊኒኩ የሕፃን ልብስ አዞናል፣ ክብ ኮሌታ ነው። ክቡ ላይ እየተሸበሸበ በጣም አስቸገረኝ። እንዴት እንደሚደረግ እስኪ ንገሪኝ።»

እጅጌ በትከሻዋ በኩል አነበበችው። ወደ ክምሩ አየች፣ ወደ ኪስ አየች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ኪስ ላከችው። መልስ አልመጣም።